ጀልባዎቹን መልስ

ጥቅምት 12

ለጆሮ፣

እንዴት ሰነበቱ? ባሕሩስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የቴሌስኮፑን ቤት ደረጃ ባየ ቁጥር ማኩረፍ ጀምሯል።

አልታመምኩም፤ አልተቆጣሁምም። በዕለታዊው የፀሐይ ሁኔታ መግለጫ ግርጌ የእጅ ጽሑፌን ያጡት፣ አሁን መግለጫውን ኮምፒውተሩ ራሱ ጽፎ ራሱ ስለሚልከው ነው። ለመብራት ኃይል፣ ለአየር መንገዶች፣ ለወደቦች ሁሉ በአንዴ ይደርሳል። «ዛሬ ፀሐይ ጸጥ ብላለች፤ እርስዎም ትንሽ ይረፉ» የምትለዋን መስመር ግን አያውቃትም። በእርስዎ ወደብ ቅጂ ላይ ብቻ እንደምጽፋት ያወቀ ሰው አልነበረም፤ አሁንም አይወቅ።

የጠዋቱን ሥዕል አልነጠቁኝም። ዛሬም የቴሌስኮፑን አፍ ወደ ፀሐይ አዞራለሁ፤ ብርሃኗ ነጩ ወረቀት ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ሆኖ ያርፋል፤ ጥቁር ነጠብጣቦቿን በእርሳስ እከተላለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ተንባይ፣ ሁልጊዜ መጥፎውን ስለሚጠብቅ «ደመና» ብለን የምንጠራው፣ «ሳተላይቱ በየደቂቃው ፎቶ እየላከልን እርስዎን ምን ያደክምዎታል?» ይለኛል። «እሷን ሳላይ ሻይ አይወርድልኝም» እለዋለሁ።

መሳቢያዬን ሳጸዳ የመጀመሪያው ደብዳቤዎ እጄ ገባ። ያስታውሱታል? «ለፀሐይ ጥናት ጣቢያ ኃላፊ። ትናንት ጸጥታ ይሰፍናል ብላችሁ በጠራራ ቀን የመርከቦቼን ድምፅ ከራዲዮዬ አሳጣችሁኝ። ከመካከላችሁ የተኛው ማን እንደሆነ ይገለጽልኝ።» የያኔው ኃላፊ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውረውት «የተኛሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው መልሺ» አሉኝ። ገና ልጅ ነበርኩ። እያለቀስኩ ጻፍኩልዎ። የእርስዎ መልስ ሲመጣ «ወረቀትዎ ላይ ጠብታ አየሁ፤ ያስለቀስኩዎት እኔ ከሆንኩ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ባለቤትዎ በራሳቸው እጅ «ሲጮህ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም፤ የፀሐይ ሐኪም መሆንሽ ግን አስደስቶኛል» ብለው ጨምረውበታል። ስሙ ከዚያ ወዲያ መጠሪያዬ ሆኖ ቀረ። ነፍሳቸውን ይማርልን።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጠየቁኝን አንብቤዋለሁ። ዘልዬው አይደለም። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

አክባሪዎ
የፀሐይ ሐኪሟ


ጥቅምት 27

ለፀሐይ ሐኪሟ፣

ጊዜውን ሰጥቻለሁ። ጡረታ ሲወጡ ወደኛ ባሕር ብቅ ይበሉ አልኩ እንጂ ነገ ይምጡ አላልኩም። ሳንተያይ የኖርነውን ያህል ለመጠበቅ ግን ዕድሜው አይበቃኝም፤ ይህንንም እያሰቡ ይሁን።

ስለ ራዲዮ ጣቢያው ባለፈው ለጠየቁኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፦ ሊዘጉት ነው። የወደቡ ሹም አዲስ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት አርፎ አያውቅም። «ጀልባው ሁሉ የሳተላይት ስልክ ይዟል፤ ይሄ አሮጌ ሣጥን ምን ይሠራል?» ይላሉ። ክፍሏን አላዩዋትም ማለት ነው። መስኮቱን ጨው በልቶት ባሕሩ በወንፊት የሚታይ ይመስላል። ወንበሩ የኔን ቅርጽ ይዟል፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ያለቅሳል። የጆሮ ማዳመጫውን ትራስ ባለቤቴ ከአሮጌ ካፖርቴ እጅጌ ቆርጣ የለበጠችው ነው፤ እስካሁን አልተተረተረም።

ልጄ አሁን አብራኝ ትቀመጣለች። ሥራውን እያስለመድኳት ነው። ጣቢያው ሊዘጋ ምን ያስለምዷታል ይሉኝ ይሆናል። ዝም ብለው ይለፉኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልድገም፤ ባለፈውም ጠይቄ መልስ አላገኘሁበትም። ይህን «እርስዎ» አንተወውም ወይ? ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «እናንተ ሁለታችሁ እኮ እንደ ሁለት አምባሳደሮች ነው የምትጻጻፉት» ትለኝ ነበር። የሚገርመው፣ እሷ እያለች እንደልባችን እንቀልድ ነበር፤ ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነብላት ነበር፤ አብረን እንስቅ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ሁለታችንም ቃል መምረጥ ጀመርን። እርስዎም አስተውለውት ይሆናል። እኔ የድሮው ሳቅ ናፍቆኛል።

ጆሮ


ኅዳር 14

ለጆሮ፣

መንገዱ ካልተበላሸ ይህ ደብዳቤ በሳምንት ይደርስዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስተውዬዋለሁ። እንዴት አላስተውል? ድሮ ስለ ድመቴ ገጽ ሙሉ እጽፍ የነበርኩ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ፀሐይ ነጠብጣብ ብቻ ማውራት ጀመርኩ። ሐዘንዎ ላይ የምስቅ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይመስልብኝ ፈራሁ።

«እርስዎ»ን ልተወው ብዬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። መምጣቱም እንደዚያው ነው። እኔ ወረቀት ላይ ነው ወሬ የማውቀው። ፊት ለፊት ሰው ሲያየኝ ስለ አየሩ ተናግሬ ዝም እላለሁ፤ ስለ አየሩ ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ዝም ብል ምን ይውጠኛል?

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬ ጠዋት በፀሐይ ምሥራቃዊ ጠርዝ በኩል አንድ የነጠብጣብ ጭፍራ ብቅ አለ። በወረቀቴ ላይ ቀለም የተደፋ ነው የሚመስለው። መሃሉን በእርሳስ ስከተል እንደ ተቋጠረ ክር ተጠማዞ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይቼ በሰላም ሲፈታ አላስታውስም። አሁን ፊቱ ወደ ሌላ ነው፤ ፀሐይ ስትዞር ግን ሳምንት ሳይሞላ ትይዩአችን ይሆናል። ያኔ ቢፈነዳ መጀመሪያ ብርሃኑ ደርሶ ራዲዮዎን ለተወሰነ ጊዜ ያፍንብዎታል። ያ ያልፋል። የሚያሳስበኝ ከአንድ ቀን በኋላ የሚከተለው ነው፤ ፀሐይ የተፋችው ደመና መጥቶ ምድርን የሚመታው። ያኔ የሳተላይት ስልኩም፣ ቦታ ማሳያውም፣ መደበኛው የራዲዮ ሞገድዎም ሊከዱ ይችላሉ።

የባሕሩ ጭጋግ ወደባችሁ ገብቶ እንደሆነ የምጠይቅዎ ለወሬ አይደለም። ይጻፉልኝ።

የፀሐይ ሐኪሟ


ታኅሣሥ 1

ለፀሐይ ሐኪሟ፣

ሁሉም ተመልሰዋል። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ በጭንቀት እንዳታነቢው።

አንቺ ደብዳቤዬን ስትጠብቂ ነገሩ ቀደመን። ጭጋጉ ገብቶ ነበር። ፍንዳታው በሆነበት ቀን ረፋድ ላይ ራዲዮው እንደታነቀ ሰው ጸጥ አለ። እኩለ ቀን ሲያልፍ ተመለሰ። ወዲያው የወደቡ ቢሮ ጸሐፊ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። «ስልክ ላይ ያሉት ሴትዮ ቃል በቃል ጻፊ አሉኝ» ብላ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። «ለጆሮ። ጀልባዎቹን መልስ። ነገ ይደርሳል፤ እስከዚያ ራዲዮህ ይሠራል።»

ሹሙ ተከትለዋት መጡ። «መግለጫው መካከለኛ ዕድል ነው የሚለው! ዓሣው በገባበት ሳምንት ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ትለኛለህ?» አሉኝ።

«እሷ መልስ ካለች ይመለሳሉ» አልኳቸው።

«እሷ ማን ናት?»

ምን ልበላቸው? «ሐኪም ናት» አልኩ።

ጠራናቸው። ስድቡን ብትሰሚው! እየተሳደቡም ግን ተመለሱ፤ ከአንዱ በቀር። የቀረው የአማቼ ጀልባ ነበር። ከሁሉም ርቆ ነበር፤ ሞተሩም አስቸግሮታል። በማግስቱ ጠዋት አንቺ ያልሽው ሲደርስ እሱ ከነባልደረቦቹ ገና ከቋጥኞቹ ውጭ፣ ጭጋጉ ውስጥ ነበር። የወደባችንን በር ታውቂዋለሽ፤ ጽፌልሻለሁ፤ በሁለት ቋጥኞች መሃል ነው፤ ትንሽ የሳተ ጀልባ እዚያው ይቀራል። የሳተላይት ስልኩ አልሠራም። ቦታ ማሳያው አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ደግሞ ወደ ቋጥኙ ይመራቸዋል። እነሱ ይህን አያውቁም፤ ያሳያቸውን አምነው እየገቡ ነው።

ማዳመጫው ልጄ ጆሮ ላይ ነበር። በመደበኛው ሞገድ ምንም የለም። ድሮ ያስተማርሽኝን፣ እኔም ለጀልባዎቹ ያስተማርኩትን አስታወስኩ፤ ፀሐይ ስትቆጣ ሞገዱን ከፍ፣ ምድር ስትታመስ ዝቅ። «ዝቅ አድርጊ» አልኳት። ዝቅ አደረገች። «ገና ነው፤ ዝቅ።» እጇ ድንገት ቆመ። «ሰማሁት» አለች።

ባሏን እኮ ነው። እንደ ማንኛውም ጀልባ ነበር ያናገረችው። «ማሳያውን አትመን። ባለህበት መልህቅ ጣል። አትግባ።» ሦስት ጊዜ ደገመችለት፤ በሦስተኛው «ጥያለሁ» አለ። ማይክሮፎኑን ካስቀመጠች በኋላ እጇን ይዤላት ተቀመጥን። ጭጋጉ ሲገለጥ ከቋጥኙ አጠገብ ቆመው ተገኙ፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። አንዱ መልህቅ ሲጥል ክንዱ ተሰብሯል፤ ሌላ ጉዳት የለም።

ሹሙ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ይሄ ወንበር ይጮሃል፤ አዲስ ይገዛላችሁ» አሉ። ጣቢያው አይዘጋም ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከወጡ በኋላ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ብጣሿ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ናት። «ይመልሱ» አላልሽም። «መልስ» አልሽኝ። «ራዲዮህ» አልሽኝ። በችኮላ ያመለጠሽ ከሆነ አልመልስልሽም። በአፍሽ የወጣ ነው፤ ምስክር አለኝ፤ ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጽፋዋለች።

ጆሮ


ታኅሣሥ 12

ለአንተ፣

አየህ? ጻፍኩት። አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያበላሸሁት።

ደብዳቤህን ከባልደረባዬ ከደመና ፊት ነው የከፈትኩት፤ «ሁሉም ተመልሰዋል» የሚለውን አንብቤ እንዳለቅስ አላወቅሁም ነበር። እሱም መጥፎ ዜና መስሎት «ይኸው! ብዬ ነበር!» አለ። ሳስረዳው አቅፎኝ ሊያንቀኝ ደረሰ።

በእኛ በኩል የሆነውን ልንገርህ። ፍንዳታውን እኔና እሱ እኩል አየነው። ኮምፒውተሩ መካከለኛ አለ። እኔ ግን ያን ቋጠሮ ከጠርዝ እስከ መሃል በእጄ እየሣልኩ ስለተከተልኩት አላመንኩትም። ደመናም የቁጥሮቹን ሰንጠረዥ ገልብጦ አይቶ «እኔም ስሌቱ አልጣመኝም» አለ። መግለጫው እስኪታረም ብጠብቅ ጀልባ የሚመለስበት ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ደወልኩ። ኃላፊያችን በኋላ «በማን ፈቃድ?» ብለው ሲጮሁብኝ፣ ያ ጥላውን የሚፈራ ልጅ ተነስቶ «በሁለታችንም» አለ። በማግስቱ ማታ የአንድ ከተማ መብራት እንዳለ ሲጠፋና መብራት ኃይሎች ከእኛ ሰው እንዲላክላቸው ሲለምኑ፣ የፈቃዱ ነገር ተረሳ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ድሮ፣ ስልክ እንደዋወል ባልከኝ ቁጥር እምቢ አልኩህ። መጀመሪያ ባለቤትህን አክብሬ ነበር። ኋላ ደግሞ፣ በወረቀት የምታውቃት ሴት ድምፅ ከእኔ ድምፅ የበለጠ የሚያምር መስሎኝ። ያን ቀን ግን ከጸሐፊዋ ጋር ሳወራ፣ በመስመሩ ከኋላ የባሕር ወፎች ይጮሁ ነበር። አንተ ያለህበት ቦታ ድምፅ ነው። ልዘጋው አልቻልኩም። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቢሮ እደውላለሁ። እዚያ ሁንልኝ።

ደግሞስ፣ ማዳመጫው ለምን ልጅህ ጆሮ ላይ ነበር? በእንዲህ ያለ ቀን ወንበርህን ለሰው የምትለቅ ሰው አልነበርክም።

የፀሐይ ሐኪምህ


ጥር 1

ለራዲዮ ጣቢያው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ።

በተባለው እሑድ ደወልኩ። ልጅዎ አነሱ። «አባቴ እዚህ ነው» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ ወጥቷል» አሉ። ከኋላቸው የሰው ሳል ሰማሁ። እኔም ስለ አየሩ ጠይቄ ዘጋሁት።

አልተቀየምኩም። ምናልባት እኔ ነኝ የተረዳሁት በተሳሳተ መንገድ። ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ደፋር ይመስላል። ከእንግዲህ መግለጫው በተለመደው መንገድ ይደርስዎታል። ለልጅዎና ለአማችዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የፀሐይ ጥናት ጣቢያ


ጥር 11

ለፀሐይ ሐኪሜ፣

ሳሉ የእኔ ነው። እዚያው ነበርኩ፤ ከስልኩ አጠገብ፣ የእሑድ ልብሴን ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ።

ጆሮዬ ሄዷል።

በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፤ ወቅታቸው አልፎ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ መስማት ተውኩ፤ ሁለት አቃጥያለሁ። ከዚያ ማዳመጫው ውስጥ የሰዎች ድምፅ ጥጥ ውስጥ እንደተጠቀለለ ሆነብኝ። ሐኪሙ «ዕድሜህን ሙሉ ጆሮህ ላይ ያንን ጩኸት ደፍተህ ምን ጠበቅህ?» አለኝ። ልጄን አብራኝ ያስቀመጥኳት ለዚህ ነው። የምትሰማውን በወረቀት ትጽፍልኝና ማይክሮፎኑ ላይ የምናገረው እኔ ነበርኩ። በዚያ የጭጋግ ጠዋት ግን ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም። እኔ የማውቀው ሞገዱን ነው፤ የሰማችውም ያዳነችውም እሷ ናት። አጠገቧ ቆሜ ከንፈሯን ብቻ ነበር የማየው። «ሰማሁት» ስትል ያወቅኩት ከዓይኗ ነው።

ወደብ ውስጥ ሁሉም ጆሮ ብሎ ነው የሚጠራኝ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ጆሮ ደነቆረ ሲባል መስማት... ይኸው፣ መስማት እላለሁ አሁንም። ለአንቺም የምነግርበት አፍ አጣሁ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ስንት ዘመን ለምኜሻለሁ! እሺ ባልሽኝ ጊዜ የምሰማበት የለኝም። ልጄ «ላናግራትና የምትለውን ልጻፍልህ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ድምፅሽን በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ መቀበል አልሆነልኝም። ስልኩ ሲጠራ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ አየሁት። ልጄ ስታወራ ፊቷን አየሁት። ስትዘጊው ማየት አቃተኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ፍጹም ድፍን አይደለሁም። አንደኛው ጆሮዬ፣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ሲያናግረኝ ይይዛል። ስልክ ግን አይሆንልኝም፤ ራዲዮም። ከዚህ ወር ጀምሮ ወንበሩ የልጄ ነው፤ ሹሙ ራሳቸው ፈርመውላታል። እኔ ታች ቤት ነው የምውለው። መረብ እጠግናለሁ፤ አላውቅበትም፤ ዓሣ አጥማጆቹ ለእኔ ሲሉ ዝም ብለው ይወስዱልኛል፤ ማዶ ሄደው ፈተው እንደገና እንደሚሠሩት አውቃለሁ።

«የራዲዮ ጣቢያው ኃላፊ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ሰው እዚህ የለም። ቅያሜሽን የሚገባኝን ያህል ወስጃለሁ። ስሜን ግን መልሽልኝ።

ጆሮ


ጥር 20

ለጆሮ፣

ለአንተ፣ ለጆሮዬ።

ደብዳቤህን ቴሌስኮፑ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጉልበቴ እንኳ አላጉረመረመም። እንዲህ ያለ ሰው ነህ እንግዲህ፤ ባሕር ሙሉ ጀልባ በእኔ አንድ ቃል ትመልሳለህ፣ ራስህ ላይ የደረሰውን ግን አትነግረኝም። ብቻህን ስንት ቀን እንዲህ ሆነህ ተቀመጥክ!

እኔም ነገር አልነገርኩህም፤ ይህን ያህል ከባድ ግን አይደለም። ጡረታዬ ባለፈው ዓርብ ነበር። ሻይና ኬክ አደረጉልኝ። በመጨረሻው ጠዋት የመጨረሻውን ሥዕል ልሥል ወጣሁ። ባልደረቦቼ ሁሉ ተከትለውኝ ወጡ፤ አንዱ ካሜራ ይዟል። ሰማዩ ድፍን ብሎ ቆየን። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ፀሐይ ጭራሽ አልታይ አለች። ደንቡ እንደሚለው ጮክ ብዬ «ደመና» እያልኩ ባዶው ክብ ውስጥ ጻፍኩ። ወጣቱ ስሙ የተጠራ መስሎት «አቤት» አለ። እንዲህ ስቀን አናውቅም። የዕድሜ ልክ ሥራዬ በዚህ ነው ያለቀው፤ ቅር አላለኝም።

ማታ ባዶ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ። እኔ ፊት ለፊት ቃል የሚጠፋኝ ሴት ነኝ። አንተ ቀስ ብሎና ቀርቦ ካልሆነ የማትሰማ ሰው ሆነሃል። ከዚህ በላይ የሚመቸኝ ሰው የት አገኛለሁ? ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ከዚህ በፊት ማንም ሰው ለመስማት ቀርቦኝ ስለማያውቅ፣ ዝምተኛ ናት እየተባልኩ ኖርኩ።

አውቶቡሱ በየካቲት የመጀመሪያ ማክሰኞ እናንተ ጋ ይገባል፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሰው አትሰብስብ። ልጅህ ወንበሯን ለቃ እንዳትመጣ፤ ኋላ እኔ ወደ እሷ እወጣለሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ አግዳሚ ወንበር ካለ በቂ ነው። ስለ አየሩ ልጀምርልህ እችላለሁ፤ አትሳቅብኝ፤ ከዚያ ሌላውን እቀጥላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ። የሚሰማው የትኛው ጆሮህ ነው? የምቀመጥበትን ልወቅ።

ያንተዋ


ጥር 28

የግራው።

ነይ።